አራት መልክ ያለው ትኩሳት

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ የማወራላችሁ ስለ ደንጊ ነው። በ2006 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ ሰዉ በትኩሳት ይወድቅ ጀመር። ራስ ይፈልጣል፣ ከዓይን ጀርባ ይወጋል፣ አጥንት ይቆረጥማል። ወባ ነው እንዳይባል በምርመራ ወባ አይገኝም። ደንጊ መሆኑ ታወቀ፤ በአገራችን በምርመራ ሲረጋገጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከ11 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። አስተላላፊዋ ኤደስ የምትባል ትንኝ ናት፤ የምትራባው ውኃ በሚጠራቀምበት በርሜል ውስጥ፣ የምትነድፈውም በቀን ብርሃን ነው። የማታ አጎበር እሷን ብዙም አይመክትም።

አብዛኛው ሕመምተኛ ዳነ። ደሙ ውስጥ ግን አንድ ነገር ቀረ፤ ፀረ እንግዳ አካል።

የቫይረሱን ገላ እንየው። ስፋቱ ከሚሊሜትር 20 ሺኛ እጅ አይበልጥም፤ ላዩን 180 ፕሮቲኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሸፍነውታል። ሴል ላይ የሚጣበቀው በእነሱ ነው። ሴሉ ሲውጠው ውስጥ ያለው አሲድ ፕሮቲኖቹን ይቀሰቅሳቸዋል፤ የቫይረሱ ሽፋን ከሴሉ ሽፋን ጋር ይዋሐድና ዘረ መሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ፀረ እንግዳ አካል ሁለት ክንድና አንድ ግንድ አለው። በክንዶቹ ፕሮቲኖቹን ጥፍንግ አድርጎ ይዞ ቫይረሱ እንዳይጣበቅ ወይም እንዳይዋሐድ ያግደዋል። አንዱ ብቻውን ግን አይበቃም። የደንጊ ዘመድ በሆነው በዌስት ናይል ቫይረስ ላይ በተሠራ ጥናት፣ አንዱን ቫይረስ ለማምከን 30 ያህል ፀረ እንግዳ አካላት ማረፍ ነበረባቸው።

ካነሱ ወይም ክንዳቸው ከላላስ? ጉዱ እዚህ ላይ ነው! ደንጊ አራት ዓይነት ነው። በአንደኛው ታሞ የዳነ ሰው ሁለተኛው ሲይዘው፣ የቀድሞው ፀረ እንግዳ አካል አዲሱን በላላ ክንድ ይይዘዋል። ቫይረሱ አልሞተም። ነጭ የደም ሴል ግን ግንዱን ጨብጦ ሁለቱንም ይውጣል፤ ዘበኛው ራሱ በሩን ከፍቶ ሌባውን አስገባ ማለት ነው። ቫይረሱ እዚያ ይራባል፤ ደም እስከማፍሰስ የሚያደርሰው ጽኑ ሕመም በሁለተኛው ዙር የሚበዛው አንድም በዚህ ነው። ይኸው ስጋት በክትባትም ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ፊሊፒንስ ዴንግቫክሲያ የተባለውን ክትባት ከ800 ሺህ ለሚበልጡ ልጆች መስጠት ጀመረች። በ2017 አምራቹ ሳኖፊ፣ ደንጊ ይዟቸው የማያውቁ ከተከተቡ በኋላ ቢያዙ ሕመሙ ሊጠናባቸው እንደሚችል አስታወቀ። የእነዚያን ወላጆች ጭንቀት አስቡት።

እንግዲህ አራቱንም አጥብቆ የሚይዝ ክንድ መፈለግ ግድ ሆነ። ዶክተር ሌስሊ ጉ በአሜሪካዋ ከተማ ሲያትል በኤችአይቪ ፀረ እንግዳ አካላት ላይ ዶክትሬታቸውን ሠርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ በደንጊ ከታመሙ ኮሎምቢያውያን ደም ጄ9 የተባለ ፀረ እንግዳ አካል አግኝተው አሳተሙ። ጥቂቱ ብቻ አራቱንም ዓይነት ያመክናል። ኋላም ወደ ሲያትል ተመልሰው፣ ፍሬድ ሃች በተባለው የምርምር ማዕከል ፍለጋውን ቀጠሉ። የሚሹት፣ ጥሩው ክንድ ፕሮቲኑን የት ላይ እንደሚይዝና ክትባት ሰውነታችንን ያንኑ እንዴት ሊያስተምረው እንደሚችል ነው።

እኔ የምለው፦ የኮሎምቢያውያን ደም ይህን ካስገኘ፣ በ2006 ዓ.ም. በትኩሳት ነድደው የተነሡት ድሬዎች ደምስ ለምን አይታይም? ትንኟ እንደሆነች ከበርሜሉ አልወጣችም።