የጠመንጃ ብዛትና የጥይት ልክ፦ የ1887 ዓ.ም. የወላይታ ዘመቻ ከዒላማ አንጻር ሲታይ



ስለ 1887 ዓ.ም. የወላይታ ዘመቻ የተጻፉ ሥራዎችን ስታነቡ ውጤቱ በዘመናዊ መሣሪያ ብልጫ እንደተወሰነ የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ ያጋጥማችኋል። ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ከግማሽ መንገድ ይቆማል። ጠመንጃ ነበር ማለት አንድ ነገር ነው፤ ጠመንጃው የታለመለትን ይመታ ነበር ማለት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ጠመንጃ መቁጠር ለምደናል፤ የጠመንጃውን ልክነት ግን እምብዛም አንጠይቅም። የዛሬው ንግግሬ በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ያተኩራል።

ጥያቄው ግልጽ እንዲሆን ከጦር ሜዳ ርቃ ከምትገኝ ትንሽ ጠመንጃ ልነሣ። በኦሊምፒክ የ50 ሜትር ውድድር የሚተኮስባት ጠመንጃ የአፈሙዟ ስፋት 5.6 ሚሊሜትር ነው። ጥይቷ ሪምፋየር ከሚባለው ወገን ነው፤ ይኸውም ባሩዱን የሚለኩሰው ቅመም በቀለሁ ግርጌ፣ በጠርዙ ዙሪያ ተሸሽጎ የሚቀመጥበት ዓይነት ነው። መምቻው ጠርዙን ሲጨፈልቀው ቅመሙ ይነድዳል። ቅመሙ በጠርዙ ዙሪያ እኩል ካልተዳረሰ ግን የባሩዱ አነዳድ ከጥይት ወደ ጥይት ይለያያል፤ ፍጥነቱም አብሮ ይለያያል። በሰከንድ 330 ሜትር ፍጥነት የወጣች ጥይትና በ320 ሜትር የወጣች ጥይት 50 ሜትር ላይ ሲደርሱ በመካከላቸው የ7 ወይም የ8 ሚሊሜትር የከፍታ ልዩነት ይኖራል። አሥር ነጥብ የምታሰጠው ክበብ ግን ከዳር እስከ ዳር 10.4 ሚሊሜትር ብቻ ናት።

ታዲያ ተኳሹ ምን ያደርጋል? ቀለሁን ከፍቶ ማስተካከል አይችልም። ስለዚህ ጠመንጃውን በማይነቃነቅ መደገፊያ ላይ አስሮ፣ አንድ ፋብሪካ በተለያየ ጊዜ ያመረታቸውን ጥይቶች በየተራ ይተኩሳል። የትኛው ምርት ቀዳዳዎቹን ይበልጥ እንዳቀራረበ ይለካል፤ ከዚያ ምርት የቻለውን ያህል ይገዛል። የሰደፉን ብሎኖች ሁልጊዜ በእኩል ኃይል ያጠብቃል፤ ብረቱ ከእንጨቱ ጋር እንዳይነካካ ክፍተት ይተዋል፤ ምላጩን ያለዝባል፤ ነፋስ ያነብባል። ይህ ሁሉ ድካም አንድ ነገር ፍለጋ ነው፦ ያው ድርጊት፣ በያው መንገድ፣ ሳይዛነፍ እንዲደገም።

አሁን ወደ ወታደሩ ጠመንጃ እንሻገር። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1869 የተቀበለችው ቬተርሊ የሚተኩሰው ይህንኑ ሪምፋየር ጥይት ነበር። የአፈሙዙ ስፋትም 10.4 ሚሊሜትር ነበር፤ የዛሬው ተኳሽ ሲለፋ የሚውልባት የአሥር ነጥብ ክበብ ልኳ ይኸው መሆኑ መቼም ግጥምጥሞሽ ነው። ጣልያን ጠመንጃውን ስትወስድ ጥይቱን ለወጠችና መለኮሻውን ከጠርዙ ወደ ግርጌው መሐል አመጣችው። ይህ ጥቃቅን የሚመስል ልዩነት ለእኛ ታሪክ ትልቅ ነገር ነው፤ ከውጫሌ ውል በኋላ ወደ ኢትዮጵያ የገባው የጣልያኑ ቬተርሊ ነውና። በ1885 ዓ.ም. ብቻ ሁለት ሚሊዮን ያህል ጥይት ከጣልያን ለዳግማዊ ምኒልክ ደርሷል። የሪምፋየር ቀለህ አንድ ጊዜ ከተተኮሰ ሞተ ማለት ነው፤ ጠርዙ ተጨፍልቋል፤ አይታደስም። መለኮሻው መሐል ላይ ያለው ቀለህ ግን አዲስ መለኮሻ፣ የአገር ባሩድና እርሳስ ተጨምሮበት እንደገና ይተኮሳል። ወደቡ በሌሎች እጅ ለነበረ አገር ይህ ቀላል ጥቅም አልነበረም። ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር የነበረውም ያለ ነገር አይደለም።

ሆኖም እንደገና መሙላት ዋጋ ያስከፍላል። በእጅ የተሰፈረ ባሩድ ከፋብሪካ እንደወጣው እኩል አይሆንም። የ10 ሜትር የፍጥነት ልዩነት በ50 ሜትር ላይ ምን እንደሚያደርግ አይተናል። በዚያ ላይ ጥይት ገንዘብ በሆነበት አገር ዒላማ መለማመድ ማለት ገንዘብ ማቃጠል ነው። ውጅግራ፣ ሬሚንግተን፣ ሰናድርና ቬተርሊ በአንድ ሠራዊት ውስጥ ሲቀላቀሉ ደግሞ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም።

ውጅግራን እንውሰድ፤ ፈረንሳዮች ግራ የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት። 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ይወረውራል። ይህ እርሳስ 300 ሜትር እስኪደርስ ድረስ ሦስት ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ የማነጣጠሪያው መለኪያም የተሠራው ይህንኑ ለማካካስ ነው። ወታደሩ መለኪያውን ለ300 ሜትር አስተካክሎ ጠላቱ 200 ሜትር ላይ ቢሆን፣ ጥይቱ ካነጣጠረበት ቦታ 80 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያልፋል። ደረት ያለመ ከራስ በላይ ይስታል። የወላይታ ፈረሰኛ ደግሞ ያንን መቶ ሜትር ከአሥር ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ውጅግራ አንድ ጎራሽ መሆኑንም አትርሱ። (ከዳሞታ ተራራ ሥር፣ በሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ፣ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል፤ በፈረንሳይ የተሠመረው መለኪያ እዚህ ሩቅ ሲተኮስ ጥይቱን ከፍ ያደርገዋል። በቅርብ ርቀት ግን ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።)

ከ1887 በፊት ወደ ወላይታ የተላኩ ጦሮች ጠመንጃ ይዘው ሄደው ሳይሳካላቸው መመለሳቸው በዚህ ብርሃን ሲታይ እንቆቅልሽነቱ ይቀንሳል። በ1887 የተለወጠው የጥይቱ ልክ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዘመቱ፤ ራስ ሚካኤልና የጅማው አባ ጅፋር ሠራዊታቸውን ይዘው ተሰለፉ። የተለወጠው የሰው ብዛትና የርቀቱ ማጠር ነው።

ባልደረቦቼ እዚህ ላይ ይሞግቱኛል፤ በጅምላ ሲተኮስ ልክነት ምን ያደርጋል ይላሉ። ልክ ናቸው። ነገር ግን ሙግታቸው ወደ እኔ ሐሳብ ይመራል። ልክነት የጎደለው መሣሪያ በብዛት የሚገድለው ሲቀርቡ ነው፤ ሲቀርቡ ደግሞ ተኳሹ የሚተኩስበትን ሰው ያያል። ከዘመቻው ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊው ቫንደርሄይም እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመው መጽሐፍ የመዘገበው እልቂት ከሩቅ ያነጣጠሩ ተኳሾች ሥራ አይደለም። ጦርና ጎራዴም ነበሩበት። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ። የሟቾቹን ቁጥር በተመለከተ የቀረቡት ግምቶች እጅግ ይራራቃሉ። ቁጥሩ የቱንም ያህል ይሁን፣ የመሣሪያ ብልጫ የሚለው ሐረግ ኃላፊነቱን ከሰው አንሥቶ በብረት ላይ ይጭናል፤ ብረቱ ግን ያንን ሸክም የሚሸከም ልክነት አልነበረውም።

ለመስክ ሥራ ለምትወጡ ተማሪዎች አንድ ተግባር ልስጥ። በካዎ አማዶ ኬላ ወይም በእጃጆ ኬላ ላይ ቁሙና ወደ ውጭ ተመልከቱ። የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚታይበትን ቦታ ምልክት አድርጋችሁ ርቀቱን በሜትር ለኩ፤ የመሬቱን ተዳፋትም መዝግቡ። ያንን ቁጥር ከውጅግራው መለኪያ ጋር ስናስተያየው፣ ተከላካዩ በጥይት ክልል ውስጥ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ማስላት እንጀምራለን።