ርካሹ ቡድን ዋንጫ ያነሳበት ዓመት፦ ራጃስታን ሮያልስ እና የመጀመሪያው የሕንድ ፕሪሚየር ሊግ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 1 ቀን 2008 ምሽት፣ ከሙምባይ ጎን በምትገኘው ናቪ ሙምባይ ከተማ የዲ ዋይ ፓቲል ስታዲየም ተመልካቾች የመጨረሻዋን ኳስ እየተጠባበቁ ነበር። የራጃስታን ሮያልስ እና የቼናይ ሱፐር ኪንግስ ውጤት እኩል ሆኗል። የራጃስታኑ ሶሃይል ታንቪር የተወረወረችለትን ኳስ መትቶ ሮጠ። በዚያች አንዲት ሩጫ የመጀመሪያው የሕንድ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ባለቤቱን አገኘ።

ዋንጫውን ያነሳው በሊጉ ከተሸጡት ስምንት ቡድኖች ሁሉ በዝቅተኛው ዋጋ የተገዛው ቡድን ነበር። ውድድሩ ሊጀመር ሲል የራጃስታንን ድል የጠበቀ ሰው ጥቂት ነው። የቡድኑ የ44 ቀናት ጉዞ በገንዘብ ላይ በተመሠረተ ሊግ ውስጥ ገንዘብ ምን ያህል እንደሚወስን፣ ምን እንደማይገዛም የሚያሳይ ታሪክ ሆኖ እስከ ዛሬ ይነሳል።

ጨዋታው እንዴት ነው?

ክሪኬት በኢትዮጵያ ብዙም የሚዘወተር ስፖርት አይደለም። ለምሥራቅ አፍሪካ ግን እንግዳ አይደለም። ኬንያ በ2003 የዓለም ዋንጫ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳለች። ኡጋንዳም በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ በአጭሩ የክሪኬት ዓይነት የዓለም ዋንጫ ተሳትፋለች።

ጨዋታው እያንዳንዳቸው 11 ተጫዋቾች ባሏቸው ሁለት ቡድኖች መካከል ይካሄዳል። አንደኛው ቡድን ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላ ይመታል። መቺው ኳሷን ከመታ በኋላ ከጓደኛው ጋር ቦታ እየተለዋወጠ በመሮጥ ነጥብ ይሰበስባል፤ ይህ ነጥብ ‘ራን’ ይባላል። ኳሷ መሬት ነክታ የሜዳውን ጠርዝ ካለፈች አራት፣ በአየር ላይ እንዳለች ካለፈች ደግሞ ስድስት ራን ያስገኛል። ወርዋሪው በበኩሉ ከመቺው ጀርባ የተተከሉትን ሦስት ዘንጎች በመምታት ወይም በሌላ መንገድ መቺውን ከጨዋታ ለማስወጣት ይጥራል። አንድ መቺ ሲወጣ አንድ ‘ዊኬት’ ወደቀ ይባላል።

ጥንታዊው የክሪኬት ዓይነት እስከ አምስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ‘ቲ20’ በሚባለው አጭር ዓይነት ግን እያንዳንዱ ቡድን የሚመታው 20 ‘ኦቨር’ ብቻ ነው። አንድ ኦቨር ስድስት ኳስ ስለሆነ በጠቅላላው 120 ኳስ ይሆናል። ጨዋታው በሦስት ሰዓት ገደማ ይጠናቀቃል፤ ለምሽት የቴሌቪዥን ሥርጭትም የተመቸ ነው።

ከተማ የሚሸጥበት ሊግ

ሕንድ በ2007 በደቡብ አፍሪካ የተካሄደውን የመጀመሪያውን የቲ20 ዓለም ዋንጫ ስታሸንፍ አገሪቱ በአጭሩ ጨዋታ ፍቅር ወደቀች። የሕንድ ክሪኬት ቦርድ በዚሁ ግለት ላይ ተመሥርቶ አዲስ ሊግ አዋቀረ። አሠራሩ በአውሮፓ እግር ኳስ ከሚታወቀው የተለየ ነበር። ቡድኖቹ ለረጅም ዘመን የኖሩ ክለቦች ሳይሆኑ፣ ባለሀብቶች በጨረታ የገዟቸው የከተማና የክልል ስሞች ነበሩ። ወደ ታች መውረድም ሆነ ከታች ማደግ የለም። ይህ ዓይነቱ አሠራር ‘ፍራንቻይዝ’ ይባላል።

በጃንዋሪ 2008 ስምንቱ ቡድኖች በድምሩ ወደ 724 ሚሊዮን ዶላር ተሸጡ። የሙምባይን ቡድን የሙኬሽ አምባኒ ኩባንያ 111.9 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ወሰደው። የኮልካታን ቡድን በኢትዮጵያም በርካታ አድናቂዎች ያሉት የፊልም ተዋናይ ሻሩክ ካን ከአጋሮቹ ጋር ገዛው። በማኖጅ ባዳሌ የሚመራው ስብስብ ደግሞ መቀመጫውን በጃይፑር ላደረገው የራጃስታን ቡድን 67 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ይህም ከሁሉ ዝቅተኛው ዋጋ ነበር።

ቀጥሎ የተጫዋቾች ጨረታ መጣ። በፌብሯሪ 20 ሙምባይ ውስጥ የክሪኬት ከዋክብት ስማቸው እየተጠራ ዋጋ ተሰጠባቸው። የወቅቱ የሕንድ አምበል ማሄንድራ ሲንግ ዶኒ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ወደ ቼናይ ሄደ። ሳቺን ቴንዱልካርን የመሳሰሉ ዝነኞች ደግሞ የትውልድ ከተማቸው ‘መለያ ተጫዋች’ ተብለው ከጨረታው ውጪ ለቡድኖቻቸው ተሰጡ። ራጃስታን እንዲህ ያለ መለያ ተጫዋች አልነበረውም።

ይሁን እንጂ ሊጉ ለደሃው ቡድን አንድ በር ክፍት ትቶለት ነበር። አንድ ቡድን በጨረታው ለተጫዋቾች የሚያወጣው ገንዘብ ከ5 ሚሊዮን ዶላር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተበጅቶለታል። በአንድ ጨዋታ ከአራት በላይ የውጭ አገር ተጫዋቾችን ማሰለፍም አይቻልም። ስለዚህ የትኛውም ባለሀብት ዝነኞችን ሁሉ ጠቅልሎ መውሰድ አይችልም ነበር። በየቡድኑ ከሚሰለፉት 11 ተጫዋቾች ቢያንስ ሰባቱ ሕንዳውያን መሆን ስለነበረባቸው፣ ልዩነት የሚፈጥረው ስማቸው ገና ያልገነነ የአገር ውስጥ ተጫዋቾችን መርጦ የማሰናዳት ችሎታ ሆነ።

አሠልጣኙም አምበሉም አንድ ሰው

ራጃስታን ይህን ኃላፊነት የሰጠው ለአውስትራሊያዊው ሼን ዋርን ነበር። በ450 ሺህ ዶላር የተገዛው ዋርን በቴስት ክሪኬት 708 ዊኬት የወሰደ፣ ኳስን አሽከርክሮ በመወርወር በታሪክ ከሚጠቀሱት ታላላቆች አንዱ ነው። ሆኖም ዕድሜው 38 ደርሶ ነበር፤ ከዓለም አቀፍ ውድድር ከተሰናበተም ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል። የአገሩን የቴስት ቡድን በቋሚነት በአምበልነት እንዲመራ ዕድል ሳያገኝ ነበር የተሰናበተው።

በጃይፑር አምበልነቱም አሠልጣኝነቱም ተሰጠው። ዋርን ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ በስምምነቱ መሠረት በቡድኑ ላይ በየዓመቱ 0.75 በመቶ የባለቤትነት ድርሻ ያገኝ ነበር። የቡድኑ ዋጋ ቢያድግ እሱም ይጠቀማል ማለት ነው።

በእጁ የገቡት ተጫዋቾች አብዛኞቹ በሌሎች ዘንድ ብዙም ያልተፈለጉ ነበሩ። አውስትራሊያዊው ሼን ዋትሰን በተደጋጋሚ ጉዳት ሥራው ተሰናክሎበት የነበረ ሲሆን የተገዛው በ125 ሺህ ዶላር ነው። ፓኪስታናዊው ግራኝ ወርዋሪ ሶሃይል ታንቪር 100 ሺህ ዶላር ወጣበት። ስዋፕኒል አስኖድካር በሕንድ ክሪኬት ብዙም ስም ከሌላት ከትንሿ የጎዋ ግዛት የመጣ መቺ ነበር።

ዩሱፍ ፓታን በቫዶዳራ ከተማ የመስጊድ ሙአዚን የነበሩ ሰው ልጅ ነው። በዚያን ጊዜ ይበልጥ የሚታወቀው ታናሽ ወንድሙ ኢርፋን ነበር። አባቱ በጥበቃ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩት ራቪንድራ ጃዴጃ ደግሞ ገና የ19 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ ከሕንድ ጋር ከ19 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን ካነሳ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ተቆጥረው ነበር። ዋርን የዚህን ወጣት ተሰጥኦ ወዲያው ለይቶ ‘ሮክስታር’ የሚል ቅጽል አወጣለት።

የዋርን ዘዴ ውስብስብ አልነበረም። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ግልጽ ተግባር ሰጠ። አስኖድካር ጨዋታውን በድፍረት እንዲከፍት፣ ፓታን ኃይል በሚያስፈልግበት ሰዓት ኳሷን አርቆ እንዲመታ፣ ታንቪር በመጀመሪያዎቹና በመጨረሻዎቹ ኦቨሮች እንዲወረውር ተደረገ። ወጣቶቹ ቢሳሳቱም በማግስቱ ቦታቸውን እንደማያጡ ያውቁ ነበር።

ከከባድ ሽንፈት ወደ ሰንጠረዡ አናት

አጀማመሩ ግን የተጠራጣሪዎችን ግምት የሚያጸና ነበር። ራጃስታን ኤፕሪል 19 በዴልሂ ባደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ 129 ራን ብቻ አስመዘገበ። ዴልሂ ዴርዴቪልስ አንድ ዊኬት ብቻ አጥቶ ገና አምስት ያህል ኦቨሮች ሲቀሩ አሸነፈ።

ለውጡ የታየው በቀጣዩ ሳምንት ነው። ቡድኑ በሜዳው ፑንጃብን ካሸነፈ በኋላ ኤፕሪል 24 ወደ ሃይደራባድ ተጓዘ። በዚያ ዴካን ቻርጀርስ በአንድሩ ሲሞንድስ 117 ራን ታግዞ 214 አስመዘገበ። ራጃስታን በግራም ስሚዝ 71 እና በፓታን 61 ራን ተከታትሎ ለመጨረሻው ኦቨር 17 ራን ቀረው። የሚወረውረው ሲሞንድስ ነው፤ የሚመታው ደግሞ የአገሩ ልጅ ዋርን። ዋርን በሦስት ተከታታይ ኳሶች አራት፣ ስድስት እና ስድስት መትቶ አንድ ኳስ ሲቀር ጨዋታውን ጨረሰው።

ከዚያ በኋላ ቡድኑን ማቆም አስቸጋሪ ሆነ። ሜይ 4 ታንቪር በጃይፑር ቼናይን በ14 ራን ስድስት ዊኬት ጣለበት። ይህ የሊጉ ምርጥ የውርወራ ውጤት ሆኖ ለ11 ዓመታት፣ እስከ 2019 ድረስ ሳይሰበር ቆይቷል። ራጃስታን በሳዋይ ማንሲንግ ስታዲየም ያደረጋቸውን የሜዳውን ሰባት ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። ከ14ቱ የምድብ ጨዋታዎች 11ዱን በድል ተወጥቶም በ22 ነጥብ የሰንጠረዡ መሪ ሆነ።

በግማሽ ፍጻሜው የተጋጠመው መጀመሪያ ካዋረደው ዴልሂ ጋር ነበር። ሜይ 30 በሙምባዩ ዋንኬዴ ስታዲየም ራጃስታን 192 ራን ሲያስመዘግብ ዴልሂ በ87 ተጠናቀቀ። ዋትሰን 52 ራን መትቶ በ10 ራን ሦስት ዊኬት ወሰደ። ልዩነቱ 105 ራን ነበር።

የፍጻሜው ምሽት

በፍጻሜው የገጠመው በዶኒ የሚመራው ቼናይ ሲሆን፣ ከስምንቱ ቡድኖች ለአንድ ተጫዋች በጨረታ ከፍተኛውን ዋጋ የከፈለውም እሱ ነበር። ቼናይ ቀድሞ መትቶ አምስት ዊኬት በማጣት 163 ራን አስመዘገበ። ፓታን ከወርዋሪነት ጋር ብዙም ስሙ ባይነሳም በዚህ ምሽት በ22 ራን ሦስት ዊኬት ወሰደ።

ራጃስታን መምታት ሲጀምር ቶሎ ቶሎ ሦስት ዊኬት አጣ። ያን ጊዜ ፓታን ከዋትሰን ጋር ተጣምሮ ቡድኑን አረጋጋ። አራት ጊዜ ኳሷን ከሜዳው ጠርዝ በላይ አሻግሮ በ39 ኳስ 56 ራን ሠራ። እሱ ሲወጣ ግን ጨዋታው ገና አልተቋጨም ነበር። ለመጨረሻው ኦቨር ስምንት ራን ሲያስፈልግ በሜዳ ላይ የነበሩት ዋርን እና ታንቪር ሲሆኑ፣ ሁለቱም በዋነኛነት ወርዋሪዎች እንጂ መቺዎች አይደሉም። አንድ ኳስና አንድ ራን ሲቀር ታንቪር አደረገው። ራጃስታን ሰባት ዊኬት አጥቶ በ164 ራን አሸነፈ።

ፓታን የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። ዋትሰን 472 ራን እና 17 ዊኬት በማስመዝገብ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ሲሆን፣ ታንቪር በ22 ዊኬት የወርዋሪዎች አንደኛ ሆነ። ሁለቱ በአንድነት ለቡድኑ ያስወጡት 225 ሺህ ዶላር ነበር፤ ይህም ለዶኒ ከተከፈለው አንድ ሰባተኛ ገደማ ነው።

ከዋንጫው በኋላ

ድሉ የባለቤቶቹን ሒሳብም ለወጠ። በ2009 መጀመሪያ የቡድኑ 11.7 በመቶ ድርሻ ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ፣ የመላው ቡድን ግምት አስቀድሞ ከተገዛበት ሁለት እጥፍ ያህል ደርሶ ነበር።

በሜዳ ላይ ግን ያን ስብስብ ጠብቆ ማቆየት አልተቻለም። በኖቬምበር 2008 በሙምባይ በተፈጸመው ጥቃት ከ160 በላይ ሰዎች ሲገደሉ የሕንድ እና የፓኪስታን ግንኙነት ክፉኛ ሻከረ። በመጀመሪያው ዓመት ሲጫወቱ የነበሩት ፓኪስታናውያንም ከሊጉ ወጡ። የመጨረሻዋን ኳስ የመታው ታንቪር ወደ ራጃስታን አልተመለሰም።

በ2009 ውድድሩ በሕንድ ምርጫ ምክንያት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲዛወር፣ ሻምፒዮኑ በኬፕታውን የመክፈቻ ጨዋታው በ58 ራን ብቻ ተጠናቀቀ። በሰንጠረዡም ስድስተኛ ሆነ። ቆይቶም ቡድኑ በ2013 ከተነሳው የውርርድ ቅሌት ጋር በተያያዘ ከ2016 እና ከ2017 ውድድሮች ታገደ።

ሊጉ በአንጻሩ ያለማቋረጥ አደገ። በ2022 ሁለት ቡድኖች ሲጨመሩ ከእነሱ አንዱ የሆነው ጉጃራት ታይታንስ ወደ 750 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ዋጋ ወጥቶበታል። በ2008 ስምንቱ ቡድኖች በአንድነት ከተሸጡበት ይበልጣል ማለት ነው።

ሼን ዋርን ማርች 4 ቀን 2022 በታይላንድ በ52 ዓመቱ በድንገት ሕይወቱ አለፈ። በሁለተኛው ወር ራጃስታን ዋንጫውን ባነሳበት በዚያው ዲ ዋይ ፓቲል ስታዲየም ሲጫወት፣ ተጫዋቾቹ የስሙ መነሻ ፊደላትና የመለያ ቁጥሩ 23 በአንገትጌው ላይ የተጻፈበት ማሊያ ለብሰው አስታወሱት። ቡድኑ በዚያው ዓመት ከ2008 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜ ቢደርስም በአዲሱ ጉጃራት ተሸነፈ።

በዋርን ‘ሮክስታር’ የተባለው ጃዴጃ በ2024 ከሕንድ ጋር የቲ20 የዓለም ዋንጫን አንስቷል። ለራጃስታን ግን ያ የ2008 ዋንጫ እስከ 2025 የውድድር ዘመን ድረስ በሊጉ ያገኘው ብቸኛው ዋንጫ ነው።