ሰሊጥ ሲደርስ

ጎበዝ፣ ዛሬ የወሰን ወግ ላጫውታችሁ። መተማ ዮሐንስ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ትንሿን ድልድይ ስትሻገሩ ሱዳን ገብታችሁ ገላባት ናችሁ። መንገዱ በዶካ አድርጎ ገዳሪፍ ከተማ ያወጣችኋል። ባሱንዳም በዚሁ በገዳሪፍ ግዛት፣ ከእኛ ወሰን ጥግ ያለች አገር ናት። ምድሩ ሜዳ፣ አፈሩ ጥቁር ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፣ በክረምት ጭቃው ትራክተር ይዞ ያድራል። የሚዘራበት ማሽላና ሰሊጥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ እንግሊዞች ለጦራቸው ቀለብ ሲሹ ትራክተር አስገቡበት፣ ከዚያ ወዲህ እርሻው እየሰፋ ሄደ። ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ሳሉግ እየተባለ የሚጎርፈው የጉልበት ሠራተኛም አጨዳ በደረሰ ቁጥር ወደዚያው ይወርዳል።

ወጌ ስለ ሴት ልጅ ትምህርት ነው። ታዲያ ሰሊጡን ምን አመጣው አትበሉኝ፣ ዋናው እሱ ነው።

ሰሊጥ ቀጠሮ አያከብርም። ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ከዘገያችሁበት ፍሬ ማቀፊያው ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ ባለው ጊዜ እጅ ያለው ሁሉ ይፈለጋል። በእኛ በኩል ትምህርት ቤት የሚከፈተው መቼ ነው? መስከረም። አሁን አንዲት የአስራ አንድ ዓመት ልጅ አስቡልኝ፣ ስም አላወጣላትም። አባትና ወንድም አጨዳ ወጥተዋል። እናት ለሠራተኛው እንጀራ ትጋግራለች ወይም ራሷም ታጭዳለች። ሕፃኑን ማን ይያዝ? ውሃውንስ? በእነ ባሱንዳ በኩል ከሆነች ውሃው ያለው ሀፊር ውስጥ ነው፤ የክረምቱ ጎርፍ የሚጠራቀምበት የተቆፈረ ኩሬ ማለት ነው። በበጋ ሀፊሩ እየጎደለ ሲሄድ የጀሪካኑ ጉዞ ይረዝማል፣ ወረፋውም እንደዚያው።

ወንድሟም ከትምህርት ቀርቷል፣ እውነት ነው። ግን አጨዳው ሲያልቅ የእሱ ሥራ አብሮ ያልቃል፣ ኪሱ ሳንቲም ይዞ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። የእሷ ሥራ ማለቂያ የለውም። እኔ «ቤተሰቡ ሴት ልጅ ማስተማር አይፈልግም» የሚለውን ወሬ ብዙም አላምነውም። የሚፈልግ አባት ሞልቷል። የጠፋው የልጅቷ ሰዓት ነው።

አንድ የሚፈልግ አባት ላሳያችሁ። መጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከድርቡሾች፣ ከሱዳኑ የማህዲ ጦር ጋር ገጥመው ሲወድቁ፣ የማህዲው ጦር ሌላ ክንፍ ደግሞ ወደ ግብፅ ሊዘምት ይሰናዳ ነበር። ከዘማቾቹ አንዱ ባቢክር በድሪ ይባላል። ያ ጦር በዚያው ዓመት ክረምት ግብፅ ውስጥ ቶስኪ ላይ ተደመሰሰ፣ ባቢክርም ተማረከ። ከዓመታት በኋላ አገሩ ገብቶ፣ ጥቁር ዓባይ ዳር ባለችው በሩፋዓ ከተማ አስተማሪ ሆነ። የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ልክፈት ብሎ አገሩን ይገዙ የነበሩትን የእንግሊዝ ሹማምንት ጠየቀ። እምቢ አሉት። ሕዝቡ ይነሳብናል ብለው ፈሩ። ደግሞ ጠየቀ። በመጨረሻ ምን አሉት መሰላችሁ? በራስህ ቤት፣ በራስህ ገንዘብ፣ በራስህ ስም ከሆነ ክፈት። ቢቀና ለእነሱ፣ ባይቀና ለእሱ! እ.ኤ.አ. በ1907 ከፈተ። ተማሪዎቹ አስራ ሰባት ነበሩ፣ ዘጠኙ የገዛ ልጆቹ።

በዘጠኝ ልጆቹ የደፈረን አባት ጎረቤት እንዴት ብሎ ይማው? አዲስ አበባ ውስጥ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፤ ከዚህ ከማህዲው ወታደር ቤት 24 ዓመት ዘግይቶ። ልጁ ዩሱፍ በድሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 ኦምዱርማን ላይ የአሕፋድን የሴቶች ኮሌጅ አቋቋመ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ነገር ግን ሩፋዓ ወንዝ ዳር ናት። የሱዳን ትምህርት ቤት ወንዝና ባቡር ተከትሎ ሄደ፤ የምሥራቁ ጥቁር አፈር፣ ዘላኑና የእርሻ መንደሩ ወደ ኋላ ቀሩ። የእኛም ከዚህ አይለይ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶቻችን ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ፣ ከወንዶቹ 69 በመቶ ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠች ሴት ከአስር አንዷ ገደማ ነበረች፣ ሶማሌ ክልል ከአራት ሦስቱ ገደማ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ማስተማሩን፣ ዓለም አቀፍ ሽልማት ማግኘቱንም አልክድም። ፊደል ቆጥረው ሰርተፍኬት ተቀብለው፣ ከዚያ በኋላ የሚያነቡት ወረቀት ስላልመጣላቸው የረሱት እናቶች ግን ብዙ ናቸው።

ወደ ወሰኑ ልመልሳችሁ፣ ነገሩ የተወሳሰበው እዚያ ነው። ኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ የሸሸው ሕዝብ ገዳሪፍ ገባ፤ በ1977ቱ ረሃብ ዘመን የእኛን ሰው ያስጠለለችው ኡም ራኩባ የምትባል የስደተኛ ጣቢያ እንደገና ተከፈተች። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ ከመተማ በኩል በሺህ የሚቆጠሩ የቅማንት ተወላጆች ተሻገሩ፣ ባቢክሪ በተባለ ሰፈርም ተጠለሉ። አሁን ያችን ስም ያላወጣሁላትን ልጅ እዚያ አስቀምጧት። ሀሁን ከግራ ወደ ቀኝ ስታነብ ቆይታ የሱዳን ትምህርት ቤት በዐረብኛ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይጠብቃታል። አራተኛ ክፍል የደረሰችው ልጅ አንደኛ ክፍል ከሕፃናት ጋር ትቀመጥ? ሴት ልጅ በዚያ ዕድሜ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ተመለሽ ከተባለች፣ ቤቷ ውስጥ ሌላ ሥራ ወዲያው ይገኝላታል። ከፍ ስትል ከተማ ወርዳ ሻይ ማፍላት አለ፤ የሱዳን ከተሞች መንገድ ዳር ጀበናና ብርጭቆ ደርድረው ከሚቀመጡት ሴቶች የእኛዎቹ ጥቂት አይደሉም።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ መንገዱ ተገለበጠ። ሱዳናውያን በገላባት ወደ መተማ ሸሹ፤ ኩመርና አውላላ የተባሉ ጣቢያዎች ተከፈቱላቸው። ከወራት በኋላ ዩኒሴፍ ከትምህርት ውጭ ናቸው ያላቸው የሱዳን ልጆች 19 ሚሊዮን ነበሩ። ዐረብኛ የምታነብ ልጅ በተራዋ አማርኛ ተናጋሪ አገር ገባች፤ ጣቢያዎቹም ሰላም አላገኙም፣ ጥቃት ሲበዛ ስደተኛው ጫካ አደረ።

የጋብቻውን ነገር ባጭሩ ልለፈው። በሱዳን የ1991 (እ.ኤ.አ.) የግል ሁኔታ ሕግ ዳኛ ከፈቀደ አሳዳጊ የአስር ዓመት ልጅ ሊድር ይችላል። የእኛ የቤተሰብ ሕግ 18 ይላል። ድልድዩን ወደ እኛ ስትሻገሩ በወረቀት ላይ ስምንት ዓመት ይጨመራል። የእኛ ገጠር ግን ወረቀቱን ስንቴ እንዳላነበበ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ጋብቻ ስላዘገየ በግ ልንገራችሁ። ባሕር ዳር አካባቢ ሞሰቦ በምትባል ቀበሌ በ1996 ዓ.ም. ብርሃነ ሔዋን የሚባል ሥራ ተጀመረ። ያላገባች ልጅ ቤተሰብ ከሁለት ዓመት በፊት ላይድራት ቃል ይገባ ነበር። ልጅቷ ትምህርት ቤት ከሆነች ደብተሯና እስክሪብቶዋ ይሰጣት ነበር፤ ካልሆነችም ከእኩዮቿ ጋር ፊደል ትቆጥር ነበር። ሁለት ዓመቱ ሲሞላ እሷና ወላጆቿ አንድ በግ ይቀበሉ ነበር። ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ለአባት በጎረቤት ፊት የሚያስረዳው ምክንያት ሆነው። «ለምን አልዳርካትም?» ሲሉት «በጌን ልጣ ወይ?» ሊል ይችላላ! ውጤቱ ሲመዘን ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ሰፈር እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ የማግባት ዕድላቸው አንድ አስረኛ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ።

ይሄን የሚያወራ ሁሉ እዚህ ላይ ያቆማል። ጥናቱ ግን ሌላም አለው፤ ከ15 እስከ 19 ካሉት መካከል የፕሮግራሙ ልጆች ከሌሎቹ ይበልጥ አግብተው ተገኙ። በጉ ጊዜ ገዛ፣ የተገዛው ጊዜ ሲያልቅ ሰርጉ ደረሰ። እኔ እንደሚመስለኝ ከዚያ ወዲያ የሚያስኬዳት መንገድ አልነበረም። ከነገ ወዲያ በግ ጭኖ ወደ ባሱንዳ የሚሄድ ሰው ካለ፣ ገላባት ላይ አረፍ ብሎ ሁለት ነገር ይጠይቅልኝ፦ ሀፊሩ ከመንደሩ ስንት ሰዓት ያስኬዳል? ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱስ የት ነው?