እስከ አፍንጫ መታጠቅ

አማርኛችን ለአፍንጫ ብዙም ክብር የለውም። ሰው ማዋረድ ስንፈልግ «አፍንጫህን ላስ» እንላለን። ልብ የማይለውን ሰው «አፍንጫው ሥር ያለውን እንኳ አያይም» እያልን እናማዋለን። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ማዕረግ የሰጠነው ይመስለኛል፤ መሣሪያ የተትረፈረፈለትን ጦር «እስከ አፍንጫው የታጠቀ» ስንል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበርኩበት ዘመን ይህን አባባል የግነት ምሳሌ አድርጌ እጠቅሰው ነበር። ዝናሩ ትከሻ ድረስ ይደርስ ይሆናል፤ አፍንጫ ድረስ ግን ማን ይታጠቃል?

የዛሬው ወጌ አባባሉን ቃል በቃል ስለፈጸሙት፣ አፍንጫን ራሱን ስላስታጠቁት ሰዎች ነው። ታሪኩ አጀማመሩ ያስቃል፤ መሐሉ ላይ ሕፃናት አሉበትና ሳቁ ይቆማል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልነገርኳችሁ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ በሩ ጥቂት ልበል። አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ10,000 ሊትር በላይ አየር ይተነፍሳል። አብዛኛው የሚገባው በአፍንጫ ነው። አፍንጫም አየሩን ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ አቧራውን ያጠምዳል። የተጠመደው ቆሻሻ በንፍጥ ተለውሶ፣ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች እየተገፋ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ከዚያ እንውጠዋለን። ይህን የምታነቡት ቁርስ ላይ ከሆነ ይቅርታችሁን። ቁም ነገሩ ግን በሩ ዘበኛ አለው፤ ዘበኛውም ሌት ተቀን አይተኛም።

ሰው ግን ዘበኛውን ማገዝ የጀመረው ከጥንት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የህንዶቹ «ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ» ሰውነትን የማጥሪያ ስድስት ሥራዎችን ሲዘረዝር አንዱ «ኔቲ» ነው። ለስላሳ ክር በአፍንጫ አስገብቶ በአፍ ማውጣት! በዚያው ስም የሚጠራ ገራገር ዘዴም አለ። ቀጭን ማፍሰሻ ያላት ትንሽ ማንቆርቆሪያ ለብ ያለ የጨው ውኃ ይሞላባታል። ከዚያ አንገትን ዘንበል አድርጎ በአንዱ ቀዳዳ ማፍሰስ ነው፤ ውኃው በሌላኛው ይወጣል። ሙስሊሙም ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ ውኃ ወደ አፍንጫው ስቦ መልሶ ያስወጣል። የዚህ ሁሉ ዓላማ ማጠብ ነው፤ መግደል የሚባል ሐሳብ ገና አልመጣም።

አውሮፓ ነገሩን ወደ ሕክምና ያስገባችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቬበር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ አንድ ነገር አስተዋለ። ሰው አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ የላንቃው ለስላሳ ክፍል የጉሮሮውን መንገድ ስለሚዘጋው፣ በአንዱ አፍንጫ የገባ ውኃ ወደ ጉሮሮ ሳይወርድ በሌላው ይወጣል። ሎንዶን ይሠራ የነበረው ሐኪም ቱዲኩም ይህን ይዞ በ1864 «ላንሴት» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ አፍንጫ ማጠቢያ ጻፈ። ከዚያማ የመስታወት ብልቃጡ፣ የጎማ ቱቦው፣ የሚጨመቀው ጎማ ሁሉ እየተከታተለ መጣ። ውኃውን አለቅጥ ከፍ አድርጎ የሚሰቅል ግን ጆሮውን ይታመም ነበር፤ ግፊት የበዛበት ውኃ ወደ ጆሮ የሚወስደውን ቀጭን መንገድ ያገኘዋልና።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ልብስ እንደማጠብ ነው። ለውጡ የመጣው በሽታን የሚያመጡት ተህዋሲያን መሆናቸው ሲታወቅ ነው። ጠላት ከታወቀ በሩ ላይ መግደል ነዋ! የጨው ውኃው ቦታ በመድኃኒት ተተካ። ያኔ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀው «የዶቤል ውሁድ» ከቦራክስና ከሶዳ ጋር ካርቦሊክ አሲድ ነበረበት። ዴቪልቢስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1888 በኦሃዮ ግዛት ቶሊዶ ከተማ ለአፍንጫና ለጉሮሮ መድኃኒት የሚረጭ መሣሪያ ማምረት ጀመረ። የሴቶች መኳኳያ ጠረጴዛ ላይ የምናውቃት ጎማዋ የምትጨመቅ የሽቶ መርጫ፣ በኋላ ከዚሁ ፋብሪካ ከወጡት ዝነኛ ዕቃዎች አንዷ ናት። አሁን ነገሩ ማጠብ ቀርቶ ቤት ውስጥ ፍሊት እንደመንፋት ሆነ።

በ1918 የኅዳር በሽታ ዓለምን ሲፈጅ፣ በአሜሪካ ብዙ ሰው አፍንጫውንና ጉሮሮውን በመድኃኒት ሲያጥብና ሲረጭ ከረመ። እኛ ሰፈሩን አጠንን፤ ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናጨሰው የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። በሁለቱ ላይ መሳቅ ይቻላል። እኔ ግን አልስቅም። ሞት በር ላይ ቆሞ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የሚችል ሰው የለም። ፍርሃት «አንድ ነገር አድርግ» ይላል። የትኛውን እንደሚያደርግ ግን አይነግርም።

አሁን ወደ ሕፃናቱ ልሂድ። የልጅነት ልምሻ፣ ማለትም ፖሊዮ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የአሜሪካና የካናዳ ወላጆችን በየክረምቱ እንቅልፍ ይነሳ ነበር። ማታ ትኩሳት ይዞት የተኛ ልጅ ጠዋት እግሩ አይታዘዘውም። የባሰበት መተንፈስ ያቅተውና «የብረት ሳንባ» የሚባል በርሜል መሰል መሣሪያ ውስጥ ይገባል። በሽታው በምን በኩል ይገባል? በኒውዮርክ የሮክፌለር ተቋም ትልቁ ሰው ሳይመን ፍሌክስነር መልሱ ነበረው፤ በአፍንጫ! ሬሰስ የሚባሉት የእስያ ጦጣዎች አፍንጫ ላይ ቫይረሱን ሲቀቡት ይታመማሉ። ከአፍንጫ ጣሪያ እስከ አንጎል ደግሞ መንገዱ አጭር ነው፤ የማሽተት ነርቮች ጫፍ እዚያ ለአየር የተጋለጠ ነው። ነገሩ የሚያሳምን ነበር።

በሩ ከታወቀ መዝጋት ነው። በአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ይሠራ የነበረው ቻርልስ አርምስትሮንግ ፒክሪክ አሲድና አለም የተቀላቀለበት ርጭት ጦጣዎችን እንደሚከላከል አይቶ፣ በ1936 በአላባማ ወረርሽኝ ሲነሳ ለሕዝቡ ቀረበ። ሰው በየቤቱ እየረጨ፣ ማን በደንብ እንደረጨና ማን እንዳልረጨ ሳይታወቅ ክረምቱ አለፈ። ከዚያ የካሊፎርኒያዎቹ ሹልትዝና ጌብሃርት ዚንክ ሰልፌት የተሻለ እንደሚሠራ ተናገሩ፤ ይህም በጦጣ ላይ ነው።

በ1937 ክረምት መጨረሻ ኦንታሪዮ የተባለው የካናዳ ክፍለ ሀገር በፖሊዮ ተመታ። ከ2 ሺህ በላይ ሰው ታመመ። ቶሮንቶ ውስጥ የትምህርት ቤቶች መከፈቻ ተራዘመ። የሕፃናቱ ሆስፒታል የብረት ሳንባ ስላነሰው ምድር ቤቱ ውስጥ በጥድፊያ ያሠራ ጀመር። በዚህ መሐል የከተማዋ ሐኪሞች ርጭቱን በሥርዓት ለመሞከር ተነሱ። 5 ሺህ ለሚጠጉ ልጆች 1 በመቶ ዚንክ ሰልፌት ያለበት መድኃኒት ተረጨ። የረጩትም የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሞች ናቸው፤ ምክንያቱም መርጫው እስከ አፍንጫ ጣሪያ፣ ልክ የማሽተት ነርቭ ያለበት ቦታ መድረስ አለበት። ካልተረጨላቸው ልጆች ጋር ለማነጻጸርም ስም ተመዘገበ።

እስኪ ያንን ሰልፍ ገምቱት። እናት ልጇን ይዛ ትሰለፋለች። ያስገደዳት የለም፤ ፍርሃቷ በቂ ነው። ልጁ አንገቱን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ረጅም ጫፍ ያለው መርጫ ይገባል። ያቃጥላል፤ ለዚያም ማደንዘዣ ተጨምሮበታል። እናቲቱ «ተመስገን፣ ልጄን አስታጠቅሁ» ብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ቁጥሩ ሲደመር በተረጩትና ባልተረጩት መካከል ልዩነት አልተገኘም። ርጭቱ አንዳችም አልተከላከለም። ይባስ ብሎ ከተረጩት ልጆች መካከል ማሽተት ያቃታቸው ተገኙ፤ ለአንዳንዶቹም ሳይመለስ ቀረ።

ሽታ ማጣት ቀላል ይመስላል፤ ዓይን አይደለ፣ ጆሮ አይደለ። ግን የምግብ ጣዕም የምንለው አብዛኛው ሽታ ነው። ቡና ሲቆላ፣ የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ሲያርሰው፣ የእናት ነጠላ፣ ያረረ ወጥ፣ ጭስ፤ ይህ ሁሉ የሚገባው በዚያው በር ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ደግሞ የጎደለበትን የሚናገርበት ቃል የለውም። በሩ ሌባ እንዳይገባበት ተብሎ ከነእንግዳው ተዘጋበት።

ታዲያ ስህተቱ የት ላይ ነው? ጦጣዋ ላይ። የሬሰስ ጦጣ በአፏ በኩል ቫይረሱ በቀላሉ አይይዛትም፤ በአፍንጫዋ ግን ይይዛታል። ሰው ግን ሬሰስ አይደለም። ስዊድናውያን ተመራማሪዎች ገና በ1910ዎቹ መጀመሪያ ቫይረሱን በሕሙማን አንጀት ውስጥ አግኝተው ተናግረው ነበር፤ ሰሚ አጡ እንጂ። በ1941 አልበርት ሳቢንና ባልደረባው የሟቾችን አስከሬን መርምረው፣ ቫይረሱ ያለው አንጀት ውስጥ እንጂ የማሽተት ነርቭ ጫፍ ላይ አለመሆኑን አሳዩ። የፖሊዮ እውነተኛ በር አፍ ነው። ያው ሳቢን በኋላ የሠራው ክትባት የቱ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እነዚያ ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ሠራተኞች በልጆቻችን አፍ ጠብ የሚያደርጉት ነው። አፍሪካ በ2020 ከዱር የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ የተረጋገጠው፣ አፍንጫ ተረጭቶ ሳይሆን አፍ ተከፍቶ ነው።

እኔ የቶሮንቶዎቹን ሐኪሞች አልኮንንም፤ እንዲያውም ባርኔጣዬን አነሳላቸዋለሁ። ቆጠሩ። ቆጥረውም «አልሠራም፣ ጎድቷልም» ብለው አሳተሙ። ርጭቱም ቆመ። የአላባማውን ክረምት አስታውሱ፤ ያልተቆጠረ ነገር ይሠራል ለማለትም አይሠራም ለማለትም አይመችም፤ ለወሬ ግን ይመቻል።

ችግሩ፣ የተሳካ ነገር ሐውልት ይቆምለታል፤ ያልተሳካ ነገር መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ከ60 ዓመት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ዚካም የተባለ የጉንፋን መድኃኒት ወጣ። በአፍንጫ የሚገባ ነው። ውስጡ ያለው ምንድነው? ዚንክ! ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየሱቁ ይሸጥ ነበር። በሰኔ 2009 የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ማሽተት አቃተን የሚሉ ከ130 በላይ ሪፖርቶች ደርሰውኛልና መጠቀም አቁሙ ሲል አስጠነቀቀ፤ መድኃኒቱም ከገበያ ወጣ። የቶሮንቶው ጽሑፍ እኮ በየቤተ መጻሕፍቱ ቁጭ ብሎ ነበር። ለዓመታት ተማሪዎቼን «አንብቡ» እያልኩ የጨቀጨቅሁት ለፈተና ብቻ አልነበረም።

ከዚህ ተነስቶ «አፍንጫ ውስጥ መድኃኒት ሁሉ ከንቱ ነው» የሚል ካለ ደግሞ ይታገሥ። በ2010 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት አለ። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለውን ባክቴሪያ በአፍንጫቸው የተሸከሙ ሰዎች ሆስፒታል ሲገቡ፣ ሙፒሮሲን የሚባል ቅባት በአፍንጫቸው ተቀብተው ገላቸውን በመድኃኒት ሳሙና ታጠቡ። ከዚያው ባክቴሪያ የሚመጣው ቁስል ማመርቀዝና ሌላው ኢንፌክሽን ከ7.7 በመቶ ወደ 3.4 በመቶ ወረደ። ጠላቱ በትክክል ታውቋል፣ መኖሪያው ታውቋል፣ ሙከራው በሰው ላይ ነው፣ ማን እውነተኛውን ማን አስመሳዩን እንዳገኘ ሐኪሙም ታካሚውም አያውቁም። ልዩነቱ ይሄ ነው።

በአንጻሩ ንጹሑ የጨው ውኃም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለሳይነስና ለአለርጂ እፎይታ ይሰጣል፤ ይህ የታወቀ ነው። ግን በ2011 ሉዊዚያና ውስጥ ሁለት ሰዎች በዚያችው ትንሽ ማንቆርቆሪያ የቧንቧ ውኃ ተጠቅመው ሞቱ። ኔግሌሪያ ፋውለሪ የሚባል አሜባ በማሽተት ነርቭ በኩል አንጎላቸው ገባ። ያው ውኃ ቢጠጣ አሜባው አይጎዳም። ስለዚህ ለአፍንጫ የሚሆነው ውኃ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የተጣራ የፋርማሲ ውኃ ነው። ለመጠጥ የበቃ ሁሉ ለአፍንጫ አይበቃም።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ እኛ ሲገባ፣ በየቤቱ ባሕር ዛፍ ተፈልቶ ብርድ ልብስ ተከናንበን ታጠንን። የዓለም ጤና ድርጅትም አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብ ከቫይረሱ እንደሚከላከል ማስረጃ የለም ብሎ ነበር። ወረርሽኝ ሲመጣ መርጫው፣ ጠብታው፣ ቅባቱ በአዲስ ስም ይመጣል። የመጪውን ስም አላውቅም፤ የሚጠየቀውን ግን አውቃለሁ። በማን ላይ ተሞከረ? ስንት ነበሩ? ያልተረጨላቸውስ እንዴት ሆኑ? ይህን ስትጠይቁ ሻጩ ቢቆጣ አይግረማችሁ። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል።