«ወደ ቤት ውሰዱት» ከተባለ በኋላ

ጎንደር ሆስፒታል ደርሰው የተመለሱ የወገራ ሰዎች ይህችን ቃል ያውቋታል፤ «ወደ ቤት ውሰዱት»። ሐኪሙ ይህን ካለ አስታማሚው ሌላ አይጠይቅም። የቀረችውን ብር ይቆጥራል፣ መኪና ይፈልጋል፣ ሕመምተኛውን በጋቢ ጠቅልሎ የደባርቅን መንገድ ይይዛል። አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከባሕር ወለል ወደ 3,000 ሜትር የምትጠጋ፣ ብርዷ የሚያንሰፈስፍ፣ በገብስና በባቄላ ማሳ የተከበበች የወገራ ወረዳ ከተማ ናት። ለብዙዎቹ ግን መንገዱ እዚያ አያበቃም። ከመኪና ማቆሚያው ወዲያ ያለው የቃሬዛ መንገድ ነው፤ ጎበዛዝት እየተፈራረቁ ይሸከማሉ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አገሩ ያውቅበታል። ጎረቤት እሳት ያነዳል፣ ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም። የነፍስ አባት ይጠራሉ፤ ኑዛዜ ይሰማሉ፣ ጸሎተ ቀንዲል ያደርሳሉ፣ የበቃ ይቆርባል። ሕመምተኛው ያለበትን ዕዳ ይናገራል፣ የተጣላውን አስጠርቶ ይታረቃል፣ ከብቱና መሬቱ ለማን እንደሚሆን በሽማግሌ ፊት ይናዘዛል። ልጆቹ ከራስጌና ከግርጌ ተቀምጠው ያድራሉ። ብቻውን የሚሞት ሰው እምብዛም አይገኝም።

ይህ ሁሉ ሳለ አንድ ነገር ሳይመለስ ቀርቷል። ካንሰር አጥንቷ ውስጥ የገባባት እናት ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት የምታድርበት ቤት፣ ከጸሎትና ከጸበል ሌላ በእጁ ያለው ጥቂት ነው። ያንን ስቃይ ማቅለል፣ አብሮም ሞትን በግልጽ መነጋገር፣ ሆስፒስ ነርሲንግ የሚባለው ሙያ የቆመባቸው ሁለት ምሰሶዎች ናቸው። ሙያው ወደዚህ አገር የመጣበት መንገድ ረጅም ነው፤ የተወሰነው ክፍልም ከጎንደር ይነሣል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1770 ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ጎንደር ሲገባ ፈንጣጣ ቁስቋም ቤተ መንግሥት ደርሶ ነበር። እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ወይዘሮ አስቴር የታመሙት ልጆች ዘንድ ነበሩ። ብሩስ ራሱ እንደ ጻፈው በርና መስኮቱን ሁሉ አስከፈተ፣ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ በሞቀ ውሃና በሆምጣጤ አሳጠበ። የአስቴር ልጅ ኮንፉ ተረፈ፤ ሌሎች አልተረፉም። ፈንጣጣን የሚያድን መድኃኒት በዚያ ዘመን የትም አልነበረም። ብሩስ ያደረገው ንጹሕ አየር፣ ንጹሕ ክፍልና ከአጠገብ አለመራቅ ነበር። ዛሬ ቢሆን የነርስ ሥራ እንለዋለን።

ነርስነት እንደ ሙያ ጎንደር የገባው ግን ከብዙ ሞት በኋላ ነው። በ1953 ከጣና በስተሰሜን ባለው የደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 7,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ ድርጅት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ አገዙ። ኮሌጁ ያሠለጠናቸው ሦስት ዓይነት ባለሙያዎች ነበሩ፤ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ጠባቂ። አሳቡ በዘመኑ ደፋር ነበር። ሐኪም እስኪበዛ ገጠሩ አይጠብቅ፤ በአጭር ጊዜ ሠልጥኖ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ይውጣ ነው። ተማሪዎቹም በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎች እየወጡ በገጠሩ መካከል መማራቸው የጎንደር መለያ ሆነ። እነዚያ ነርሶች ያተኮሩት በእናቶች፣ በሕፃናትና በተላላፊ በሽታ ላይ ነበር። የማይድነው ሕመምተኛ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ገና ቦታ አላገኘም፤ በእንግሊዝም ቢሆን ያን ጊዜ ቦታው ጠባብ ነበር።

እዚያም ነገሩን የጀመረችው ነርስ ናት። ሲሲሊ ሳውንደርስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለንደን ውስጥ ነርስነት ተማረች። የጀርባ ሕመም ሙያውን ሲያስተዋት በሆስፒታል የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ሆነች። በ1948 ከዋርሶ የመጣ ዴቪድ ታስማ የሚባል አይሁዳዊ ስደተኛ በካንሰር ሲሞት አብራው ነበረች፤ ለምታልመው ቤት መነሻ 500 ፓውንድ ተናዘዘላት። ከዚያ ቅዱስ ሉቃስ በተባለ የድሆች ሕሙማን ቤት በፈቃደኝነት ስትሠራ ትልቁን ነገር ከነርሶቹ ተማረች። ሞርፊኑን ሕመምተኛው እስኪጮህ ጠብቀው አይሰጡም፤ በሰዓቱ በሰዓቱ ይሰጣሉ። ሕመሙ ስለማይቀድማቸው ሕመምተኞቹ ይተኛሉ፣ ይነቃሉ፣ ይጫወታሉ። ሐኪሞች እንዲሰሟት ብላ ሕክምና ተማረች፤ በ1957 ተመረቀች። በ1967 የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ከፈተች። የሥጋ፣ የመንፈስ፣ የኪስና የቤተሰብ ስቃይ ተነጣጥሎ እንደማይታከም ለዓለም ያስተማረች እሷ ናት።

ኢትዮጵያን ወደ ሆስፒስ የገፋት ኤድስ ነው። ነፃው የጸረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በ2005 ከመጀመሩ በፊት የሆስፒታል አልጋ የማይበቃላቸው ሺዎች በየቤታቸው ይሞቱ ነበር። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ሲስተር ጥበበ ማኮ ያቋቋሙት ሕይወት የተባለ ድርጅት ዕድሮችን አስተባብሮ የቤት ለቤት እንክብካቤ ጀመረ። ሰውን ለመቅበር የተቋቋመው ዕድር፣ ሰው በሕይወት ሳለ ቁስሉን ማጠብና ማብላት ያዘ። ከዚህ የበለጠ የአገር በቀል ሆስፒስ ማሰብ ያስቸግራል። ከዚያው ዘመን ሌላም ትዝ ሊለን ይገባል። ጸበል የሚጠመቁ ሕመምተኞች መድኃኒቱን ይጥሉ በነበረበት ወቅት ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናገሩ። ስንት ሐኪም ለፍቶ ያልፈታውን ቋጠሮ የአንድ አባት ቃል አላላው።

በ2003 ደግሞ ነርሷ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን ሆስፒስ ኢትዮጵያን አዲስ አበባ ላይ መሠረቱ። ነርሶቹ የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን ካንሰርና ኤች.አይ.ቪ ያለባቸውን በየቤታቸው ይጎበኛሉ። የጤና ሚኒስቴርም በ2016 የማስታገሻ ሕክምና ብሔራዊ መመሪያ አወጣ።

ትምህርቱ ያለው በዝርዝሩ ውስጥ ስለሆነ ሥራውን ቀረብ ብሎ ማየት ይበጃል። ነርሷ ሕመሙን ትጠይቃለች፤ የት እንደሚያም፣ ምን ሲያደርጉ እንደሚብስ፣ ሌሊት ያስተኛ እንደሆነ። የሚጠጣው ሞርፊን በየአራት ሰዓቱ ይሰጣል፤ ሆድ ስለሚያደርቅ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮት ይታዘዛል። መገላበጥ ያቃተው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን ካልለወጡት ዳሌውና ጀርባው ይቆስላል፤ ይህን ለልጅ ወይም ለምራት አሳይቶ ማስለመድ ይቻላል። የደረቀ አፍ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይራሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ምግብ ነው። ሰው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ መብላት ይተዋል። የእኛ ቤት ይህን አይችልም፤ ማጉረስ የፍቅር መግለጫ ነውና እናት «አንዲት ጉርሻ ብቻ» እያለች ታባብላለች። በግድ የተሰጠ ምግብ ግን ትን ያስብላል፣ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ነርሷ ሰውነቱ ራሱ ምግብ መፈለግ እንደተወ ቀስ አድርጋ ታስረዳለች። እጃቸው ባዶ እንዳይቀርም ሌላ ሥራ ትሰጣቸዋለች፤ ከንፈሩን ማራስ፣ እግሩን ማሸት፣ የሚወደውን ሰው አጠገቡ ማስቀመጥ።

የማኅፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚበረክት ነው። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና በአገሪቱ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር፣ የአምባ ጊዮርጊስ ሴት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ወረፋ መጠበቅ ነበረባት። ያልቻለችው ቤቷ ትቀራለች። በሽታው ሲገፋ ቁስሉ ይሸታል። ሽታው ከሕመሙ በላይ ይሰብራል፤ ጠያቂ ይቀንሳል፣ እሷም አፍራ ሰው አይግባብኝ ትላለች፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለሙን ትተዋለች። ለዚህ የሚሠራው መድኃኒት ለአሜባ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል ነው፤ እንክብሉ ተፈጭቶ ቁስሉ ላይ ይነሰነሳል። ሽታው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀንሳል፤ ጎረቤትም ተመልሶ ይገባል። መልካም አሟሟት የሚባለው ነገር አንዳንድ ጊዜ በየመድኃኒት ቤቱ በርካሽ በሚገኝ እንክብል ይጀመራል።

ሁለተኛው ምሰሶ፣ እውነቱን መናገር፣ የበለጠ ያከራክራል። ቤተሰብ ሐኪሙን ቀድሞ አግኝቶ «ለእሱ እንዳትነግሩት» ይላል። በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት አንትሮፖሎጂስት የውብዳር በየነ በ1992 ባሳተሙት ጽሑፍ በአሜሪካ የሚታከሙ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን አነሡ። ሐኪሞቹ በራሳቸው ሥርዓት ክፉውን ዜና ለሕመምተኛው ፊት ለፊት ሲነግሩት ለኢትዮጵያዊው ጭካኔ ይሆንበታል። በእኛ ዘንድ ዜናው በቅድሚያ ለቅርብ ሰው ይደርሳል፤ እሱ ደግሞ ሰዓቱንና ቦታውን መርጦ ያደርሳል።

ይህ የሸሸነው ነገር ሳይሆን የተካንንበት ነገር ነው። መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም። ዘመድ ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሌሊት ሳይሆን ንጋት ላይ፣ የሚደግፍ ትከሻ አጠገብ ሆኖ ይነገራል። ችግሩ ይህን ጥበብ ለቋሚው ብቻ መጠቀማችን ነው። ሟቹ የራሱን መርዶ የሚያረዳው አያገኝም። ገጽታ እያነበበ፣ ሹክሹክታ እየሰማ፣ ያወቀውን እንዳላወቀ ሆኖ ይሞታል። ሊናዘዝ የፈለገውን «ኧረ ትድናለህ» እያሉ ያስተጓጉሉታል። በዚህ ነገር ልምድ ያላቸው ነርሶች ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ራሱን ሕመምተኛውን ይጠይቃሉ፤ ማን አብሮት እንዲቀመጥ እንደሚሻም እንዲሁ። የነፍስ አባቱ፣ ታላቅ ወንድሙ፣ የክርስትና ልጁ ሊሆን ይችላል። ነርሷና የነፍስ አባት አንድ አልጋ አጠገብ መቀመጣቸው ለአምባ ጊዮርጊስ ባዕድ አይሆንም።

ባዕድ የሆነው መድኃኒቱ፣ ሞርፊን ነው። በ2017 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ጥናት በዓመት ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ከሞርፊን ጋር የሚመጣጠን ማስታገሻ ውስጥ ለድሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ እንደሆነ አሳየ። የዋጋ ጉዳይ አይደለም፤ ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ርካሽ መድኃኒት ነው። ፍርሃትና የሕግ ማነቆ ነው የያዘው። ሐኪሟ አን ሜሪማን በ1993 ሆስፒስ አፍሪካን ካምፓላ ላይ ሲጀምሩ ይህንኑ ፈሳሽ በርካሽ አዘጋጁ። ኡጋንዳም በ2004 በልዩ ሁኔታ የሠለጠኑ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሞርፊን እንዲያዙ በሕግ ፈቀደች፤ በዓለም የመጀመሪያዋ ናት።

ይህ ከዚያ 50 ዓመት ቀድሞ ጎንደር ላይ የታሰበው ራሱ ነው፤ ሐኪም በሌለበት ሥራውን ለሠለጠነ ነርስና ለጤና መኮንን መስጠት። ዛሬ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ30,000 የሚበልጡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። በየትኛው ቤት ማን እንደተኛ ያውቃሉ። የሚጠጣው ሞርፊን ግን ከትላልቅ ሆስፒታሎች ርቆ ብዙም አይሄድም። በ1954 ለደምቢያ ወባ መልስ የሰጠው የጎንደር ትምህርት ቤት ይህንንም ኃላፊነት ሊወስድ ይገባዋል፤ የወረዳ ነርሶችን በማስታገሻ ሕክምና ማሠልጠን፣ መድኃኒቱም እንደ አምባ ጊዮርጊስ ባሉ ከተሞች ጤና ጣቢያ ድረስ እንዲደርስ መወትወት፣ ሆስፒታሉ «ወደ ቤት ውሰዱት» ሲል የነርሷን ስልክ ቁጥር፣ የመድኃኒቱን ጠርሙስና አሰጣጡ የተጻፈበትን ወረቀት አብሮ እንዲሰጥ ማድረግ።