ከእንጦጦ ቁልቁል፦ የጉለሌ በቅሎና የጉለሌ ታክሲ

የዐዲስ አበባን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ከተማይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃ መውረዷን ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። ነገሩ ግን በአንድ ቀን ተጀምሮ የተፈጸመ አልነበረም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከፍል ውኃው አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላም ምኒልክ በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በተራራው ላይ በእንጦጦ ማርያም ነበር። ስለዚህ መኳንንቱና ካህናቱ፣ ነጋዴውና ወታደሩ ዳገቱን ለብዙ ጊዜ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል። ከቀድሞ ነዋሪዎቹ ከጉለሌ ኦሮሞዎች ስሙን የወረሰው የዛሬው ጉለሌ የዚህ ምልልስ መተላለፊያ ሆነ ማለት ነው።

በዚያ ዘመን አንድ ሰው በምን እንደሚሄድ ማየት ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ይበቃ ነበር። ጌታው በበቅሎ ይቀመጣል፤ አሽከሮቹ ጠመንጃውን ተሸክመው በእግራቸው ይከተሉታል፤ የተከታዮቹም ብዛት የክብሩ መለኪያ ነው። በመንገድ ላይ ከርሱ የሚበልጥ ሰው የገጠመው እንደ ሆነ ከበቅሎው ወርዶ እጅ ይነሣል። መቀመጥም መውረድም፣ መቅደምም መከተልም ሥርዓት ነበረው። ድኻው ግን ይህ ሥርዓት አላስቸገረውም፤ የሚወርድበት በቅሎ አልነበረውምና።

ሞተር የመጣው ይህን ሥርዓት ሊያፈርስ አልነበረም። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣውና ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ብሎ የሰየመው የእንፋሎት መኪና እጅግ የተወራለት ቢሆንም ሰው የሚሳፈርበት አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ለምኒልክ የመጣው ኦቶሞቢልም የንጉሥ መጓጓዣ ነበር። በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር ዐዲስ አበባ ሲደርስ ያቆመው ከከተማይቱ በስተ ደቡብ ነው፤ የጉለሌ ሰው ፉጨቱን ለመስማት እንኳ የነፋስ ርዳታ ያስፈልገው ነበር። በከተማው ውስጥ ተራው ሰው የቻለ እንደ ሆነ በጋሪ፣ ያልቻለ በእግሩ ይሄድ ነበር።

ለሁሉ የተከፈተ መቀመጫ የተገኘው ከጣልያን ወረራ በኋላ ነው። በ1935 ዓ.ም. ጠላት ትቷቸው በሄደ ጥቂት መኪናዎች የሕዝብ ማመላለሻ ተጀመረ፤ ከዚህም በኋላ አንበሳ አውቶቡስ ተስፋፍቶ የከተማው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሆነ። ለመውጋት የመጣ መኪና ሕዝብ ሲያመላልስ የታየው ግን በእኛ አገር ብቻ አይደለም። በፊሊፒን ዋና ከተማ በማኒላ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰዎች የአሜሪካ ሠራዊት ትቷቸው የሄደውን ጂፖች አስረዝመው፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ሠርተውላቸው፣ ጂፕኒ የሚባለውን የሕዝብ ታክሲ አወጡ።

ታክሲያችን ሌላ ጠባይ አለው። በብዙ አገር ታክሲ ማለት አንድ ሰው ወደ ፈለገበት ለብቻው የሚከራየው መኪና ሲሆን፣ እኛ ያንን ኮንትራት ብለን ለይተን፣ ታክሲ የሚለውን ስም መንገዱ ለታወቀውና የማይተዋወቁ ሰዎች ለሚጋሩት ሰጠነው። ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ሴቼንቶ፣ ያቺ ትንሽ ፊያት፣ ትከሻ ለትከሻ ታስቀምጥ ነበር። ኋላ የመጣው ውይይት የተባለው ታክሲ ደግሞ የጭነት ክፍሉ ተከድኖ ሁለት አግዳሚ የተደረገበት መኪና ስለ ነበር ተሳፋሪዎቹ ጕልበት ለጕልበት ተገጣጥመው ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር። የአብዮቱ ዘመን የውይይት ዘመን ነበርና ስሙ ለመኪናውም ለዘመኑም ተስማማ።

ይሁን እንጂ ታክሲ ከሁሉ ይበልጥ የተሰማው በቆመ ጊዜ ነው። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ በመካከለኛው ምሥራቅ በተነሣው ጦርነት ምክንያት የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ ናረ፤ በየካቲትም መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ በመቶ 50 ያህል ጨመረ። የካቲት 11 ቀን የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በዚያው ቀን አደሙ። ከጥቂት ቀኖች በኋላ መንግሥት ዋጋውን ቀነሰ፤ ወሩም ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። መንግሥቱን የጣለው ታክሲ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ በነገሌ የሰፈረው ጦር ከጥር ጀምሮ አምፆ ነበርና። ነገር ግን የወታደሩ አቤቱታ በወሬ ሲሰማ፣ የታክሲው መቆም በእያንዳንዱ ሰው እግር ተሰማ። የቢሮ ሠራተኛውም ተማሪውም በአንድነት በእግራቸው ሄዱ።

ዛሬ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚኒባስ የሚወጣ ሰው አሮጌውን የበቅሎ ዳገት እንደሚወጣ አያስበውም። በአጠገቡ የጋሞ ሸማኔ ጋቢውን ጠቅልሎ ይዟል፤ ከኋላ የተቀመጠው ተማሪ ሒሳቡን በማያውቃቸው ሰዎች እጅ አሻግሮ ለወያላው ይልካል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለስለታል። ለሚበልጠው ሰው ብሎ የሚወርድ የለም። መውረድ የፈለገ «ወራጅ አለ» ይላል፤ ይህን ቃል ሹሙም ዘበኛውም በአንድ ዓይነት ድምፅ ይናገረዋል። አያቶቻችን ቢሰሙት ምን ይሉ ነበር እላለሁ አንዳንድ ጊዜ።

በዚህ መቀመጫ ላይ ግን ያልተቀመጡ ነበሩ። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ እንጦጦን ካለበሰው ወዲህ እናቶችና ልጃገረዶች ከራሳቸው የሚከብድ የሚመስል የማገዶ እስር በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው እስኪታጠፍ ጎንብሰው፣ ለብዙ ዘመን ያንኑ ዳገት ወርደዋል። አውቶቡሱም ታክሲውም በአጠገባቸው አለፈ፤ እስሩ ከበር አይገባም፤ ቢገባም ኪራዩ የእንጨቱን ዋጋ ይበላዋል። ከተማው እንጀራውን የጋገረው በእነርሱ ጀርባ በመጣ እንጨት ነበር።

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ወር የተከፈተው የኤሌክትሪክ ባቡር ከቃሊቲ ተነሥቶ በሰሜን በኩል የሚያበቃው ከምኒልክ አደባባይ ነው። ከዚያ ወደ ጉለሌ የሚወጣው ተሳፋሪ ከባቡሩ ወርዶ፣ ሰልፍ ይዞ፣ «ሽሮ ሜዳ፣ አዲሱ ገበያ» የሚለውን የወያላ ጥሪ ያዳምጣል።