ቦኖ፤ ስለ አዲስ አበባ የጋራ ውኃ ታሪክ ጥቂት ማስታወሻ

ስለ አዲስ አበባ ውኃ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩን የሚጀምሩት ከቤተ መንግሥቱ ነው። ዓፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓ.ም. በስዊሱ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ አማካይነት ከእንጦጦ በኩል ወደ ግቢያቸው ያስገቡት ውኃ ሕዝቡን እጅግ አስደንቆ ግጥም ሳይቀር ተገጥሞለታል። ውኃ ዳገት ወጣ ተባለ። ምንጩ ከግቢው ከፍ ያለ በመሆኑ በቧንቧ ታፍኖ ሸለቆውን የወረደው ውኃ በራሱ ግፊት ጉብታውን መውጣቱ ነበር።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናነሣ የወደድነው ግን ያ ቧንቧ ያልደረሳቸውን ሰዎች ጉዳይ ነው። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውኃ አካባቢ ከተቆረቆረች በኋላ ብዙው ነዋሪ የሚቀዳው ከምንጭና ከወንዝ ነበር። ውኃ አስቀድቶ የከፈለ ሰው ቢኖርም፣ የከፈለው ለተሸካሚው ጉልበት እንጂ ለውኃው አልነበረም።

ይህን የለወጠው ቦኖ ነው። ቃሉ ኩፖን ወይም የመቀበያ ወረቀት የሚል ትርጉም ካለው የጣሊያንኛ ቃል የተወረሰ ይመስለናል። ግምታችን ትክክል ከሆነ ሕዝቡ ለጋራ መቅጃው ስም ያወጣለት በምንጩ ወይም በቧንቧው ሳይሆን በክፍያው ነው ማለት ነው። የሕዝብ የተባለው ውኃ ከስሙ ጀምሮ የሚሸጥ ነበር። ይባስ ብሎም ቧንቧ የማስገባት አቅም ያልነበረው ድኃ ውኃውን በእንስራ ከጎረቤት ሲገዛ፣ ሊትር በሊትር ሲሰላ ከባለ ቧንቧው አብልጦ ይከፍል ነበር። የገፈርሳና በ1960ዎቹ መባቻ የተሠራው የለገዳዲ ግድብ ታሪክ በሜትር ኩብ ተጽፏል፤ ይህ የዋጋ ልዩነት ግን ከመሐንዲሶች ዘገባ አልፎ ወደ ታሪክ መጻሕፍታችን እምብዛም አልገባም። እኛም ከወቀሳው ነፃ አይደለንም። ስለ ከተማይቱ ለብዙ ዓመታት ስናስተምር ኢልግን ሳንጠቅስ ቀርተን አናውቅም፤ ቦኖን ግን አንድም ቀን አላነሣንም።

በ1967 ዓ.ም. ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ ቦኖው በቀበሌ እጅ ሆነ። በ1970ዎቹ እኛም ተሰልፈንበታል። ሰልፉን የሚይዘው ሰው ሳይሆን ዕቃ ነበር፤ ባዶ ጀሪካን፣ ሲጠፋም ድንጋይ ይቀመጣል። ውኃው ሲመጣ ግን ድንጋዩ የማን እንደነበረ መተማመን ያስቸግራል፤ ቦኖ ጠባቂዋም ሳንቲም ተቀባይ ብቻ ሳትሆን ዳኛም ነበረች።

በዚያው ዘመን እንስራ ለፕላስቲክ ጀሪካን ቦታውን እየለቀቀ ነበር። ይህም ቀላል ለውጥ አይደለም። እንስራ በሴት ጀርባ የሚታዘል ነበርና ወንድ ልጅ ተሸክሞት ቢታይ መሳቂያ ይሆን ነበር፤ ጀሪካን ግን እንዲህ ያለ ነውር አልነበረበትም። እኛ ቦኖ መላክ የጀመርነው እናታችን እንስራዋ ተሰብሮ ጀሪካን የገዛች ዕለት ነው።